ግማሽ ኦሬሊያ

ወንዝ ሲሞላ ማንም ዘብ አይቆምለትም። በናቼዝ፣ ከገደሉ በታች የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ውሃው ሲወጣ ጀልባውም አብሮ ይወጣል፤ ገመዱን እያሳጠሩ ወደ ዳር መሳብ ብቻ ነው። ዘብ የሚያስፈልገው ወንዙ ሲጎድል ነው። ያን ጊዜ ረጅሙን ምሰሶ ይዞ ጀልባውን በየሰዓቱ ከዳር መግፋት ግድ ይላል፤ ትንሽ ያሸለበ ሰው ሲነቃ ጀልባው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል።

ሎቪኒያ ጌትሊን ይህን የተማረችው መራመድ ሳትጀምር ነው። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ከሜምፊስ በቴሌግራም ትልቅ ሙላት እየወረደ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ምንም አላሰጋትም። ሙላት ሲመጣ የሚያስፈራው መሀል ለመሀል እየተንከባለለ የሚወርደው ግንድ ነው። ጀልባዋን ኦሬሊያን ወንዙ ዳር ከሚያልቀው መንገድ ጫፍ ፈትታ፣ ትንሽ ወደ ታች ወስዳ፣ ውሃው ጸጥ ወዳለበት ሰርጥ አስገባቻትና ገመዷን አሳጥራ ከአኻያዎቹ ጋር አሰረቻት። ከሰርጡ ሥር ያለው መሬት የባቡር ኩባንያው ነው። ይህንንም ታውቃለች። ነገር ግን በዚያ ቀን መሬቱ አይታይም ነበር፤ ሁሉም ውሃ ነበር።

ኦሬሊያ ድሮ የእንፋሎት መርከብ ነበረች። የሎቪኒያ አባት ባርነት ከቀረ በኋላ ወደብ ላይ ጥጥ እየተሸከመ ባጠራቀመው ገንዘብ ሞተሯ የወለቀ ቀፎዋን ገዛ። ስታጥርበት ከሌላ የተሰበረ መርከብ ግማሽ ጎን አምጥቶ ቀጠላት፤ ጣሪያ አለበሳት፤ ተንሳፋፊ መጋዘን አደረጋት። ከዚያ ወዲህ መርከብ ሁሉ ከጎኗ ይቆማል፤ ጥጡም፣ ዱቄቱም፣ የዶሮው ቅርጫትም በእሷ ላይ ያልፋል። አባቷ ሲሞት ለሎቪኒያ ተወላት። ባሏም ቀደም ብሎ ሞቶ ነበርና ኦሬሊያ ቤቷም፣ እንጀራዋም፣ ወሬ መስሚያዋም ሆነች።

ከገደሉ በላይ ያለችው ከተማ ሌላ ናት። ነጫጭ ዓምድ ያላቸው ቤቶች፣ ሰፋፊ ሰገነቶች፣ ከባሕር ማዶ የመጡ መስተዋቶች አሉ። ሁሉም በጥጥ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው፤ ጥጡን የለቀሙት ደግሞ ከከተማው ዳር በነበረው ገበያ ጥርሳቸው እየታየ የተሸጡ ሰዎች ናቸው። የሎቪኒያ አያት አንዷ ነበረች። ከገደሉ በታች ያለችውን ከተማ ወንዙ በየዓመቱ ይበላታል፤ መንገድ ይበላል፣ መጠጥ ቤት ይበላል፣ መጋዘን ይበላል። ሎቪኒያ በተወለደችበት ቤት ቦታ ላይ አሁን አምባዛ ይጠመዳል።

አባቷ ይነግራት የነበረው፣ መርከቦቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተረማመደ እግሩን ሳያረጥብ ወደቡን ከዳር እስከ ዳር ይሄድ እንደነበር ነው። ከዚያ ባቡር መጣ። አንድ በአንድ እየቀሩ ሄደው አሁን አዘውትራ የምትመጣው መርከብ ኮራ ሜይ ብቻ ነበረች። ኮራ ሜይን የሚጠብቁት ደግሞ ማዶ ሉዊዚያና ውስጥና በወንዙ ቁልቁል የሚያርሱ ትንንሽ ገበሬዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ ጥቂት ድሃ ነጮችም አሉባቸው። በበጋ ወንዙ ሲያንስና ኮራ ሜይ ስትቀር የባቡሩ የጭነት ዋጋ በዚያው ሳምንት ሽቅብ ይወጣል። ተመልሳ ስታፏጭ ይወርዳል። ይህን ልብ ያላለ ገበሬ አልነበረም። ኦሬሊያ ከሌለች ኮራ ሜይ የምትቆምበት የላትም፤ ኮራ ሜይ ከሌለች ዋጋውን የሚያወርድ የለም። ነገሩ ይኸው ነበር።

እሑድ ጠዋት ሎቪኒያ ባርኔጣዋን አድርጋ ስትወጣ አጎቴ ዜፍ ከኦሬሊያ በር ላይ ተቀምጦ ትምባሆ ያኝክ ነበር። አጎቴ ዜፍ የማንም አጎት አይደለም፤ ሰው ሁሉ ግን እንዲያ ነው የሚጠራው። ከአባቷ ጊዜ ጀምሮ የኦሬሊያን ስንጥቅ በቃጫና በሬንጅ የሚደፍን፣ ሲሠራ የሚሳደብ፣ ሲሳደብ የሚስቅ ሽማግሌ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለምን እንደማይሄድ ጠየቀችው። ጀልባዋን ማን ይጠብቃል አላት። በሙላት ጊዜ ጀልባ ሲጠበቅ የት አይተዋል፣ ሰይጣን ምክንያት ሲያጣ ነው እንዲህ የሚያስወራዎት አለችው። እየሳቀ ኮቱን ለበሰና አብሯት ገደሉን ወጣ።

ሰባኪው ከተማይቱን ከውሃ እንዲጠብቃት እግዚአብሔርን እየለመነ ሳለ ከላይ ከተማ የነጮቹ አብያተ ክርስቲያናት ደወሎች በአንድ ላይ ተነሡ። የቀብር አደዋወል አልነበረም፤ የደስታ ነበር። አንድ ሰው ሮጦ ገብቶ ወሬውን ተናገረ፦ በላይ በኩል፣ በማዶው ዳር፣ የአፈር ክትሩ ተደርምሷል። ወንዙ ወደ ሉዊዚያና እርሻ እየፈሰሰ ነው። ናቼዝ ተርፋለች።

ጉባኤው እልል አለ። ሎቪኒያ ግን መጀመሪያ ያሰበችው ማዶ ያሉትን ገበሬዎች ነው፤ ሩበን ስፓይትን፣ ሚስቱን፣ በቅሎዎቻቸውን። ቀጥሎ ኦሬሊያ ትዝ አለቻት። ውሃው ወደዚያ ከፈሰሰ ከዚህ ይጎድላል፤ ያውም በድንገት። ዘወር ስትል አጎቴ ዜፍ ቀድሟት ተነሥቷል።

ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ ገደሉን ሮጣ ወረደች። ገና ከላይ ሳለች ወንዙን አይታ አወቀች። ጠዋት ዳር ዳሩን ይዞ ይሄድ የነበረው ግንድና ቅርንጫፍ አሁን ወደ መሀል ተሰብስቦ በአንድ መስመር እየወረደ ነበር። ወንዝ ሲጎድል መሀሉ ስለሚሰረጉድ ተንሳፋፊውን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል።

ሲደርሱ የኦሬሊያ ፊተኛ ግማሽ ጭቃው ላይ ተቀምጧል። የኋለኛው ግማሽ ገና ውሃ ላይ ነበር። አጎቴ ዜፍ ምሰሶውን ሰክቶ በደረቱ ገፋ፤ ምሰሶው ጎበጠ እንጂ ጀልባዋ ንቅንቅ አላለችም።

“እኔ ነኝ ትቻት የሄድኩት፣ እትዬ” አላት ትንፋሽ እያጠረው።

“ኑ ያልኩዎት እኔ ነኝ” አለችው። “ይህን ነገር ሁለተኛ አናነሣውም። ምሰሶውን ይንቀሉ።”

ሰኞ ያልሞከሩት ነገር የለም። በቅሎ ጠምደው ጎተቱ። ከሥሯ ቆፍረው በከባድ ማንሻ ገፉ። ኮራ ሜይ ስትመጣ ካፒቴኑ ወፍራም ገመድ ወርውሮ ሙሉ እንፋሎት ለቀቀ፤ ኦሬሊያ እንደታመመች ላም አቃሰተች፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ የአንዱን ተሸካሚ ባርኔጣ ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ። ውሃው ደግሞ ወረደ። ፊቷ መሬት ላይ፣ ጀርባዋ ውሃ ላይ ሆና ወገቧ መጉበጥ ጀመረ። እንዲህ ከቆየች ራሷ እንደምትሰበር ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር።

ማክሰኞ ሚስተር ስቶቫል መጣ። የባቡር ኩባንያው የጭነት ኃላፊ ነው፤ ጫማው ላይ ጭቃ የማይወድ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው። የከተማውን የፖሊስ አዛዥ ይዞ ነበር የመጣው። አዛዡ ወፍራም፣ ሪዛም፣ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን በሥራ ሰዓት የማይረሳ ነጭ ነው፤ ገደሉን መውረዱ ብቻ ፊቱን አቅልቶታል።

ስቶቫል ዙሪያዋን ዞረ። ጫፏን በዱላው ነካ ነካ አደረገና ሎቪኒያን፣ ይህ መሬት የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ታውቃለች። ኩባንያው ስንት ዓመት ሙሉ ጀልባዋን ሽጪልን ሲላት እንደነበር ታስታውሳለች ወይ። ታስታውሳለች።

“እንግዲህ አሁን መግዛት አያስፈልገንም” አላት። “ውሃ ላይ ያለ ነገር የወንዙ ነው፤ በእሱ አንከራከርም። መሬታችን ላይ ያረፈ ግን የእኛ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ሠራተኞች ይዤ መጥቼ አፈርሳታለሁ። እስከዚያ ካነሣሻት አንሺያት።”

“መሬት ላይ ያረፈው ነው ያሉኝ?”

“መሬት ላይ ያረፈው። አዛዡም ሰምተዋል።”

አዛዡ ሪዙን ጠርጎ መስማቱን ተናገረ።

ስቶቫል ሊሄድ ሲል መለስ አለና ክፉ ሰው እንዳይደለ ነገራት። ጣቢያው መጋዘን ውስጥ የሚጠርግ ሰው ያስፈልገዋል። “የለመድሽው ሥራ ነው፤ ጣሪያ አለው፣ አይንሳፈፍም። አስቢበት አክስቴ” አላት።

ነጮች ጥቁር ሴትን እትዬ ላለማለት በሚጠሩበት ስም አክስቴ ሲላት ከኋላ የቆሙት ተሸካሚዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ሎቪኒያ፣ የሚጠረግ ነገር ካለ ቅዳሜ እነግርዎታለሁ አለችው። ድምፅዋ ጸጥ ያለ ስለነበር ስቶቫል ምስጋና መስሎት ሄደ።

በዚያ ከሰዓት ከማዶ ጀልባዎች መምጣት ጀመሩ። ሩበን ስፓይት ሚስቱን፣ አንድ በቅሎና የተረፈውን ጥጥ በታንኳ ጭኖ ደረሰ። ቤቱ እስከ መስኮቱ ውሃ ነው። ጥጡን ኦሬሊያ ላይ ለማሳደር ነበር አመጣጡ፤ ኦሬሊያን ሲያያት ተቀመጠ። ሌሎችም መጡ። የሎቪኒያ ወንድም ሚስት በትልቅ ድስት ጎመንና የበቆሎ ዳቦ አቀረበችላቸው፤ በሉ።

መጀመሪያ የተናገረው ሩበን ነው። እትዬ ሎቪኒያ የምትችለውን አድርጋለች፣ ወንዙም ፈርዷል፣ ከእንግዲህ ጥጣችንን ለባቡሩ በሚለው ዋጋ ከመስጠት ሌላ ምን ቀረን አለ። ለሴትዮዋም ቢሆን ጣሪያ ያለው ሥራ መናቅ የለበትም። ማንም አልተቃወመውም። ሎቪኒያ ተነሣች። ፋኖስ ይዛ ወደ ቀፎው ውስጥ ወረደች።

ቀፎው ውስጥ ቀንም ጨለማ ነው። ጎንበስ ብላ ከፊት ወደ ኋላ ሄደች። እግሯ ሥር መጀመሪያ ደረቅ ጭቃ ነበር የሚሰማት፣ ቆይቶ ውሃው ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ከሁለቱ መሀል ቆመች። አባቷ ሁለቱን መርከቦች ያጋጠመበት ቦታ ነው፤ ከዚህ በኩል አንድ የእንጨት ግድግዳ፣ ከዚያ በኩል ሌላ የእንጨት ግድግዳ፣ መሀላቸው ሰው የማያሳልፍ ክፍተት። ኦሬሊያ የምትጎብጠው እዚህ ላይ ነበር። ሎቪኒያ መዳፏን የኋለኛው ግድግዳ ላይ አሳረፈች። እርጥብ ነው። ግን ቆሟል።

አጎቴ ዜፍ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ያያት ነበር።

“ይህ ግድግዳ ለብቻው ውሃ ይይዛል?” አለችው።

“ለብቻው ለምን ይይዛል? ፊቷ አለ አይደል እንዴ።”

“ፊቷ ባይኖርስ?”

ሽማግሌው ትምባሆውን ማኘክ አቆመ። የምትለው ሲገባው ከመሰላሉ ወረደና ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ ቆመ። ኦሬሊያን በመጋዝ ቁረጥ ማለት የራስህን እግር ቁረጥ ማለት ነው አላት። አባቷ ከመቃብር ተነሥቶ ሁለቱንም በቀበቶ ይገርፋቸዋል። ከዚያ ሁሉ ደግሞ ግድግዳው ውሃ ካልያዘ የኋለኛው ግማሽ እንደ ድንጋይ ይሰምጣል፤ ያን ጊዜ ቢያንስ ለማገዶ የምትሆን ጀልባ እንኳ አይኖራትም።

“ባልቆርጣትስ ቅዳሜ ምን አለኝ?”

ሽማግሌው ትምባሆውን ተፋ።

“ሰውየው የቱ የእሱ እንደሆነ ነግሮኛል” አለች ሎቪኒያ። “መሬት ላይ ያለው የእሱ ነው። ይውሰደው። ውሃ ላይ ያለው ግን የአባቴ ነው፤ አንድ ጣውላ አልሰጠውም።”

አጎቴ ዜፍ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ በጉልበቱ ተንበረከከ። ጥፍሩን በስንጥቁ ውስጥ ሰዶ የድሮ ሬንጅ ፈለፈለና አሸተተው። ራሱ የደፈነው ነበር፤ በሠላሳ ዓመቱ፣ ጥርሱ ሁሉ ሳለ። “ይህን ያደረገው ሰነፍ ማነው” አለ፣ “ቃጫውን እንደ ሴት ጸጉር አላልቶ የጎነጎነው?” ከዚያ ሬንጅ አሙቁልኝ ብሎ ጮኸ።

ረቡዕና ሐሙስ ግድግዳውን ሲያጠናክሩ ዋሉ። ከማዶ የተፈናቀሉት ገበሬዎች ሌላ መሄጃ አልነበራቸውምና ሁሉም ሥራ ያዙ። ሴቶቹ አሮጌ ገመድ እየተረተሩ ቃጫ አወጡ። ወንዶቹ ከቀፎው ጎን ጣውላ እያመጡ በውስጥ በኩል ደራርበው መቱ። አጎቴ ዜፍ በመሀላቸው እየተሽሎከለከለ አንዱን፣ መዶሻ እንደያዝክ ሚስትህ ታውቃለች ወይ፣ ሌላውን፣ ያ ሚስማር ምን አደረገህ ይላል። ሩበን ስፓይት መጀመሪያ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሐሙስ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠራው፣ የመጋዙን ጥርስ በሞረድ ሲስል ታየ። አጎቴ ዜፍ አይቶት፣ የባቡሩ ወዳጅ ሞረድ መያዝም ያውቃል ለካ አለው። ሩበን ቀና ሳይል፣ በባቡር ያልሄደ ጥጥ ስንት እንደሚሸጥ ለማየት ነው አለ።

በዚህ መሀል ኮራ ሜይ ቅዳሜ ጠዋት እንደምትመጣ ተሰማ። ሎቪኒያ ለካፒቴኑ፣ ሳትቆም አትለፈኝ፣ ከመንገዱ ጫፍ ታገኘኛለህ ብላ ላከችበት።

ዓርብ ከሰዓት መጋዙን ያዙ። ሩበን በአንድ ጫፍ፣ አንድ ተሸካሚ በሌላው። ጣሪያውን ቀድመው ለይተውት ነበር። ጎኖቹን ከላይ ወደ ታች ቆረጡ። የሎቪኒያ ስፍራ ውስጥ ነበር፤ በኋለኛው ግማሽ፣ ከግድግዳው አጠገብ፣ ፋኖስና የተነከረ ቃጫ ይዛ። ማንም ውስጥ እንዳይቀር አዛለች፤ ራሷ ግን አልወጣችም። አጎቴ ዜፍ ከላይ፣ ውጪ እትዬ፣ ከሰመጠች ዋና አትችይም ብሎ ለመናት። ያን ያህል ካሳሰብኩህ ዝም ብለህ ቁረጥ ብላ ልትመልስለት ነበር፣ ግን ለሽማግሌ እንዲያ አይባልምና ፋኖሱን ወደ ግድግዳው አስጠጋች።

የቀፎው የታችኛው ወፍራም እንጨት ብቻ ሲቀር መጋዙ ተቀረቀረ። ጀልባዋ ራሷ ክብደቷን ስትጥልበት እንጨቱ ሲጢጥ አለ፣ ከዚያ እንደ ጠመንጃ ጮኸ። ፋኖሱ ወደቀ። የሎቪኒያ እግሮች ከሥሯ ሸሹ፤ የኋለኛው ግማሽ ወደ አንድ ጎን ዘንበል፣ ደግሞ ወደ ሌላው ዘንበል አለና ከግድግዳው ታች በኩል ውሃ እንደ ጅራፍ ገባ። በጨለማው ውስጥ በእጇ ዳብሳ ቀዳዳውን አገኘችና ቃጫውን በሁለት አውራ ጣቶቿ ጠቀጠቀችበት። ጀርባዋን ደግፋ ያዘችው። ውሃው በጣቶቿ መሀል እየመጣ እጀታዋን አራሰው። ከላይ የሰው ኮቴ፣ ገመድ፣ የአጎቴ ዜፍ ስድብ ይሰማል። ከዚያ ከእግሯ ሥር ያ የምታውቀው ነገር መጣ፤ ቀስ ያለ፣ ወደ ላይ የሚያነሣ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተኛት የነበረ መወዛወዝ።

አጎቴ ዜፍ መዶሻውንና ቃጫውን ይዞ ሲወርድ፣ እንደ ግድግዳው አካል ተለጥፋ አገኛት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አስለቅቆ ቀዳዳውን ደፈነው። ሲደፍን ስድቡን አላቋረጠም።

ግማሿን ኦሬሊያ በምሰሶ እየገፉ፣ በገመድ እየጎተቱ ወደ መንገዱ ጫፍ መለሷት። የመንገዱ ጫፍ የባቡሩ አይደለም፤ እስከ ውሃ የሚደርስ መንገድ ሁሉ የሕዝብ ነው። ድሮ ሙሉዋ ኦሬሊያ ከዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ግራና ቀኝ ትተርፍ ነበር። ግማሿ ልክ ገባች።

ቅዳሜ ስቶቫል መጥረቢያና ዲጂኖ የያዙ ሠራተኞችን አስከትሎ ወረደ። አዛዡም አብሮት ነበር። ሎቪኒያ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ፣ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ጭቃው ላይ ከፊተኛው ግማሽ በር ፊት ቆማ ጠበቀቻቸው። የመንገዱን ጫፍ አኻያዎቹ ከልለውታል፤ ከመጡበት በኩል ሲታይ ኦሬሊያ ሙሉ ትመስላለች፤ በሩ ተቆልፏል፣ ደረጃው ተጠርጓል።

ስቶቫል እኩለ ቀን መሆኑን ነገራት። እሷም ጊዜውን እንደምታውቅ ነግራው ቁልፉን ዘረጋችለት።

“መሬትዎ ላይ ያረፈው ይኸው ነው። ጠርጌዋለሁ። በሩ ትንሽ ይጠብቃል፤ ወደ ላይ አንሥተው ይግፉት።”

እንዲህ ቀላል ይሆናል ብሎ አልጠበቀም መሰለኝ፣ ቁልፉን ተቀብሎ ትንሽ አመነታ። ከዚያ በሩን አንሥቶ ገፋው። በሩ ተከፈተ። ውስጡ አንድ መጥረጊያ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ከመጥረጊያው ወዲያ ወለል የለም፤ ሰማይና ሚሲሲፒ ነው ያለው። ከዚያም ወደ ላይ በኩል፣ በመንገዱ ጫፍ፣ ሌላው ግማሽ በሬንጅ የጠቆረ አዲስ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ በውሃው ላይ ይወዛወዛል። ኮራ ሜይ ከጎኑ ቆማ እንፋሎቷን ትተፋለች። ጥጥ የተሸከሙ ሰዎች በመረማመጃው ላይ ይወርዳሉ። ጣሪያው ለሁሉ አልበቃምና የተረፈው ጥጥ ሸራ ለብሶ ተቆልሏል።

ስቶቫል ፊቱ ተለዋወጠ። ያ የኩባንያው ንብረት ነው፣ ቆርጠው ሰርቀውታል ብሎ ወደ አዛዡ ዞረ። አዛዡ ጭቃው ውስጥ ቆሞ አንዱን ግማሽ አየ፣ ሌላውን ግማሽ አየ። ሎቪኒያን የሚወድ ሰው አይደለም፤ ግን በዚያ ሳምንት ገደሉን ሲወርድ ሁለተኛው ነው፣ መውጣትም አለበት።

“ውሃ ላይ ባለው አንከራከርም ያልከው አንተ ነህ” አለው ለስቶቫል። “ስማልኝ አልከኝ፣ ሰማሁልህ።”

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቀና በሳል ሸፈነው። ስቶቫል ሎቪኒያን፣ በግማሽ ጀልባ ስንት ቀን እንደምትቆይ እናያለን አላት። እሷ፣ ማየቱ ነጻ ነው፣ ከመንገዱ ላይ ሆነው ማየት ይችላሉ አለችውና ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃውን አቋርጣ ሄደች።

ባቡሩ ፊተኛውን ግማሽ አፍርሶ በጣውላው ጣቢያው ጓሮ ውስጥ የከሰል መጋዘን ሠራበት። አጎቴ ዜፍ በዚያ ባለፈ ቁጥር በዱላው ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ፣ ዝናብ ቢያስገባባችሁ እኔን ጥሩኝ፣ የደፈንኩት እኔ ነኝ ይላቸው ነበር። የባቡሩ ዋጋ በዚያ ወር አልወጣም።

ቁልፉን ባስረከበች ማግስት፣ እሑድ፣ ደወሉ ሲደወል ሎቪኒያ ባርኔጣዋን አድርጋ ከግማሿ ኦሬሊያ ደጅ ተቀምጣ ነበር፤ ረጅሙ ምሰሶ ጉልበቷ ላይ ነው። ሰባኪው ሰው ልኮባት፣ በዚህ ሳምንት እንኳ እግዚአብሔርን ማመስገን የለባትም ወይ ብሎ አስጠየቃት። ከዚህ ሆኜ እያመሰገንኩት ነው በለው አለች። መልእክተኛው፣ ወንዙ ዛሬ እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ ሲል ጠየቃት። ሎቪኒያ መሀሉን አየች፣ ዳሩን አየች። ተነሥታ ምሰሶውን ጭቃው ላይ ተከለችና ገፋች።

“ለእኔ አንድ ነው” አለች።